የዘጠነኛ ክፍል ውጤት አይሰረዝም



ባለፈው ዓመት በኖቬምበር ወር፥ እንደ እኛው በአሜሪካ አገር የሚኖሩ አንዲት እናት አንድ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ወደ እኛ መጡ። እናቲቱ ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሲሠሩ የሚያድሩ፥ ባለቤታቸውም ታክሲ የሚነዱ፥ ልጆቻቸውን በጨዋ ደንብ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ወረቀቱ የታላቂቱ ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤት በሙሉ የሰፈረበት፥ በዚህ አገር ትራንስክሪፕት የሚባለው መዝገብ ነበር።

ልጅቱ 12ኛ ክፍል ደርሳለች። የ11ኛ ክፍል ውጤቷ እጅግ መልካም ነው። ዳሩ ግን የትምህርት ቤቷ አማካሪ፥ የተመኘችው ዩኒቨርሲቲ የሚቀበላት መሆኑ እንደሚያጠራጥር ገልጦላታል። እናቲቱም ጣታቸውን በወረቀቱ ራስጌ ላይ አሳርፈው፥ «ይህ እኮ የ9ኛ ክፍል ነው፤ ያለፈ ነገር አይደለም እንዴ? ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበረች። አሁን በርትታለች፤ ስለ ምን የዛሬውን አያዩላትም?» ሲሉ ጠየቁን።

እኛም የሚያጽናና መልስ ፈልገን አጣን። በዚህ አገር የ9ኛ ክፍል ውጤት አይሰረዝም፤ ልጁን እስከ ኮሌጁ በር ድረስ ይከተለዋል። ይህን ነገር እኒያ እናት ከሦስት ዓመት በፊት የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ ያን ቀን እንደዚያ ባላዘኑ ነበር። ስለዚህ በዚህ ወር አምዳችን፥ ልጆቻቸው ዛሬ በ8ኛ፥ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ለሚገኙ ወላጆች፥ ጊዜው ሳያልፍ ይህንኑ ጉዳይ ለማስረዳት አሰብን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና።

አስቀድመን የምንናገረው፥ ይህ ስሕተት ከስንፍና የመጣ አለመሆኑን ነው። የመጣው ከለመድነው ሥርዓት ነው። በአገራችን በኢትዮጵያ የተማርን ሁሉ እንደምናውቀው፥ የዩኒቨርሲቲን በር የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው በመጨረሻ የሚሰጠው አንድ ፈተና ነው። ከእኛ የሚቀድሙት ማትሪክ ይሉት ነበር፤ የአሁኖቹ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይሉታል። የፈተናውን ክብደት ለመረዳት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ማስታወስ ይበቃል፤ ከተፈተኑት ሁሉ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለው ሥርዓት ያደገ ወላጅ፥ ልጁ በ9ኛ ክፍል ሲዳከም ቢያይ «ገና ነው፤ ፈተናው ሲቃረብ ይበረታል» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። እርሱ ራሱ እንደዚያ አድርጎ ተምሮ ይሆናልና።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ መንግሥት በአገሩ ላሉት ተማሪዎች ሁሉ የሚሰጠው፥ የኮሌጅን ዕጣ ብቻውን የሚወስን አንድ የመጨረሻ ፈተና የለም። ኮሌጆቹ የሚመረምሩት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ዓመት በዓመት የተጻፈውን መዝገብ ነው። ማመልከቻውም የሚላከው 12ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ አይደለም፤ 12ኛ ክፍል ገና እንደ ተጀመረ፥ ቀደም ብለው ለሚያመለክቱ በኖቬምበር ወር፥ ለሌሎቹም አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ ነው። እንግዲህ ማመልከቻው በሚላክበት ቀን በመዝገቡ ላይ የተፈጸሙት ዓመታት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የ9ኛ፥ የ10ኛና የ11ኛ። ወላጆች ሆይ፥ ይህን ነጥብ ልብ አድርጉት፤ ብዙዎቻችን ትንሽ ነው ብለን የናቅነው የ9ኛ ክፍል ውጤት ከመዝገቡ ሢሶውን ይይዛል።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በዚህ አገር የትምህርት ውጤት አማካይ ጂፒኤ ተብሎ ይጠራል፤ ሙሉውም በተለመደው አቆጣጠር 4 ነው። አንድ ተማሪ በ9ኛ ክፍል 2.0፥ በ10ኛ 2.6፥ በ11ኛ 3.8 ቢያመጣ፥ ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ሲካፈሉ 2.8 ይሆናሉ። ያው ተማሪ በ9ኛ 3.2፥ በ10ኛ 3.5 አምጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን፥ የ11ኛው ውጤት ሳይለወጥ አማካዩ 3.5 በሆነ ነበር። በ11ኛ ክፍል የታየው ትጋት በሁለቱም ላይ እኩል ነው፤ የለያያቸው ብዙ ሰው የማይቆጥራቸው ሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ናቸው።

እርግጥ ነው፥ ኮሌጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ደንብ የላቸውም። ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጂፒኤውን የሚያሰላው በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ከተወሰዱት ትምህርቶች ነው፤ ሆኖም በ9ኛ ክፍል የተወሰዱትንም መሠረታዊ ትምህርቶች ተማሪው በሚገባ ማለፉን ይጠይቃል። ብዙዎችም ኮሌጆች ከዝቅተኛ ውጤት ተነሥቶ ዓመት ለዓመት እየጨመረ የሄደን ልጅ በመልካም ዐይን ያዩታል። ስለዚህ በ9ኛ ክፍል ያልቀናው ልጅ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም። ነገር ግን ወድቆ መነሣት መልካም ሲሆን፥ አስቀድሞ አለመውደቅ ይሻላል።

ከውጤቱ ቀጥሎ የሚታየው፥ ውጤቱ የመጣበት ትምህርት ነው። በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት አይማሩም፤ በየዓመቱ ይመርጣሉ። ከሁሉ ይልቅ መሰላልን የሚመስለው የሒሳብ ትምህርት ነው። መሰላሉ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደረጃ አለው፤ አልጀብራ አንድ፥ ጂኦሜትሪ፥ አልጀብራ ሁለት፥ ፕሪካልኩለስ፥ በመጨረሻም ካልኩለስ። አልጀብራ አንድን በ8ኛ ክፍል የጀመረ ልጅ በ12ኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ ይደርሳል። በ9ኛ ክፍል የጀመረ ግን አራት ዓመት ብቻ ስለሚቀሩት፥ በክረምት ትምህርት ወይም ሁለቱን ትምህርት በአንድ ዓመት በመማር አንዱን ደረጃ ካላለፈ በቀር፥ ፕሪካልኩለስ ላይ ይቆማል። መሐንዲስ ወይም ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ልጅ ይህን በ12ኛ ክፍል ሲሰማው፥ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያርመው ነገር የለም።

የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን ወላጅ የሚፈርምበት ቅጽ ወደ ቤት ይመጣል። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን ከሥራ ደክመን ገብተን፥ ልጃችን «እዚህ ላይ ፈርሙልኝ» ሲለን ሳናነብ የፈረምነው? ከዚህ በኋላ ግን ከመፈረማችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ይህ ትምህርት ልጄን በሚቀጥለው ዓመት ወዴት ያደርሰዋል? ከዚህ ከፍ ያለ ክፍል አለን? ካለስ ልጄ ያልገባበት ምክንያት ምንድን ነው? ኤፒ የሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶች፥ በሜይ ወር ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ነጥብ የሚፈተኑት፥ ብዙ ኮሌጆች በጥሩ ነጥብ ላለፈ ተማሪ እንደ ተማራቸው ይቆጥሩለታል። ይህም በኋላ ጊዜንም ገንዘብንም ያተርፋል። ሆኖም ልጁ ከሚችለው በላይ ጭኖ ከመውደቅ፥ በሚችለው መርጦ መጽናቱ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። እኒያ እናት በየዓመቱ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተዋል። ነገር ግን እንግሊዝኛ ስለማይደፍሩ የመምህሩን ቃል የምትተረጉምላቸው ልጅቱ ራሷ ነበረች። «ምን አለ?» ሲሏት፥ «ደኅና ነሽ አለኝ» ትላቸዋለች። ልጅቱ ክፉ ሆና አይደለም፤ በገዛ ራሱ ላይ ምስክርና አስተርጓሚ የሆነ የ14 ዓመት ልጅ ከዚህ የተለየ አይናገርም። ስለዚህ ልጆቻችንን በራሳቸው ጉዳይ አስተርጓሚ አናድርጋቸው። የእኛ ሰዎች በሚበዙባቸው ስፍራዎች የትምህርት ቤት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይገኛል። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አንዱ ነው፤ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚልኳቸውን ብዙ ጽሑፎች በአማርኛ ያወጣሉ። አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነውር አይደለም። የሚያስነውረው ሳይገባን ገብቶናል ብለን መመለሳችን ነው።

ካውንስለር የሚባለውን የተማሪዎች አማካሪም ገና በ9ኛ ክፍል ልናውቀው ይገባናል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ 250 ተማሪ እንዲሆን ይመክራል፤ በአገሩ በአማካይ ያለው ግን ከ350 በላይ ነው። ስለዚህ ያልጠየቀውን ሁሉ ፈልጎ እንዲያገኝ ከአማካሪው መጠበቅ አይቻልም። በዓመት ሁለት ጊዜ ሄዶ ስሙን የነገረ፥ ምኞቱን የገለጠ ልጅ ግን አይረሳም። 12ኛ ክፍል ሲደርስ ስለ እርሱ ደብዳቤ የሚጽፈውም ይኸው አማካሪ ነው። እንዲሁም ከመምህራን የሚጠየቀው የምስክርነት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በ11ኛ ክፍል ካስተማሩት ይወሰዳል፤ መምህሩም ሊጽፍ የሚችለው ያየውን ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ መጠየቅን ልጁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይልመድ። እኛ በታላቅ ፊት ዝም ማለትን ጨዋነት ብለን እናስተምራለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ልጅ ያልገባው ወይም ያልፈለገ ተደርጎ ሊቆጠር እንደሚችል ለልጆቻችን ልንነግራቸው ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ከክፍል ውጭ ስለሚሠራው ሥራ ጥቂት እንበል። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች በሚቀበሉት፥ ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ተማሪው ከ9ኛ ክፍል ወዲህ የሠራቸውን እስከ 10 የሚደርሱ ሥራዎች የሚጽፍበት ቦታ አለ። ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። «ልጄ ፒያኖ አልተማረ፥ ቴኒስ አልተጫወተ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታናናሾቹን ይጠብቃል እንጂ» ይላሉ። እነሆ የምሥራች! ማመልከቻው ከሚዘረዝራቸው የሥራ ዓይነቶች አንዱ የቤተሰብ ኀላፊነት የሚለው ነው። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራም ሃይማኖታዊ አገልግሎትም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። እናቱ ሌሊት ስትሠራ ሁለት ታናናሾቹን እራት አብልቶ፥ የቤት ሥራቸውን አሳይቶ የሚያስተኛ ልጅ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአባቱ ሱቅ የሚቆም ልጅ፤ በቤተ ክርስቲያን በዲቁና የሚያገለግል ወይም ለሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥር ልጅ የሚጽፈው አያጣም። ችግሩ ልጆቻችን ይህን እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት ሳይጽፉት መቅረታቸው ነው።

ስለዚህ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ አንድ ደብተር ይገዛለት። የሠራውን ሥራ፥ የጀመረበትን ወር፥ በሳምንት የፈጀበትን ሰዓት፥ ያገኘውንም ሽልማት ይጻፍበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ይህን ሁሉ ከልቡ አስታውሶ ለመጻፍ አይችልም። ደግሞም ኮሌጆች የሥራ ብዛት አይደለም የሚሹት። በ10 ማኅበር ስሙን አስመዝግቦ በአንዱም ያልጸና ልጅ፥ አንዱን ሥራ ለአራት ዓመት ይዞ ካሳደገው ልጅ አይበልጥም። ጽናት ደግሞ በ12ኛ ክፍል የሚጀመር ነገር አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የአማርኛ ቋንቋም ትርፍ እንዳለው ብንጠቁም ደስ ይለናል። በ2011 በካሊፎርኒያ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር የተስፋፋ፥ ሁለት ቋንቋ አሟልቶ ለሚያውቅ ተማሪ በዲፕሎማው ላይ የሚታተም የክብር ማኅተም አለ። አማርኛን ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ፥ የትምህርት ወረዳው የአማርኛ ፈተና የሚቀበል እንደ ሆነ፥ ይህን ማኅተም ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን መናገር ብቻ አይበቃም፤ ፊደሉን ማወቅ ግድ ነው። ይህም በቤት ውስጥ ከታች ጀምሮ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስለ ፈተናዎች የምንለው አጭር ነው። ኤስኤቲና ኤሲቲ የሚባሉት ፈተናዎች አሉ፤ የመጀመሪያው ከ1600፥ ሁለተኛው ከ36 ይታረማሉ። ኤስኤቲ ከ2024 ወዲህ በአሜሪካ የሚሰጠው በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል እነዚህን ፈተናዎች ጨርሶ አያይም፤ ኤምአይቲ በ2022፥ ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 ፈተናው እንደ ገና ግዴታ እንዲሆን ወስነዋል፤ ሌሎች ብዙዎች ምርጫውን ለተማሪው ትተዋል። የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ስለዚህ አይጨነቅ። የእርሱ የፈተና መሰናዶ መጽሐፍ ማንበብና ሒሳቡን አጥርቶ ማወቅ ነው። ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው በ11ኛ ክፍል መጨረሻ ገደማ ሲሆን፥ ያን ጊዜም ካን አካዳሚ በሚባለው ድርጅት አማካይነት ያለ ክፍያ መለማመድ ይቻላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ልጆችም በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ኤስኤቲን ሁለት ጊዜ በነጻ እንዲፈተኑ የሚያስችል ፈቃድ ከአማካሪያቸው ያገኛሉ።

አሁን ወላጆችን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስጨንቀው፥ ስለ ገንዘብ ወዳለው ነገር እንመለስ። ለዚህም ጉዳይ ጊዜው እኛ ከምንገምተው ይቀድማል። የመንግሥት የትምህርት ርዳታ የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ነው። ቅጹ የሚሞላው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ቢሆንም፥ የሚመለከተው የቤተሰቡን ያለፈ የግብር መዝገብ ነው። በ2025 የትምህርት መጀመሪያ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ ኮሌጅ የሚገባው በ2029 ነው፤ ርዳታው የሚሰላው ግን በ2027 ገቢ ነው። ያ ዓመት ልጁ ከ10ኛ ክፍል አጋማሽ እስከ 11ኛ ክፍል አጋማሽ ያለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ታክሲ የሚነዳ ወይም የራሱን ሥራ የሚሠራ አባት፥ ከዚያ ዓመት በፊት ገቢና ወጪውን በሚገባ እየመዘገበ፥ ግብሩንም በወቅቱና በእውነት እያስታወቀ ሊቆይ ይገባዋል። የተምታታ መዝገብ የልጅን ርዳታ ያዘገያል።

ይህ ርዳታ ለዜጎች ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድ ላላቸው ቋሚ ነዋሪዎችም የተፈቀደ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው፥ የማይመለሰው የመንግሥት ስጦታ በ2025–26 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርስ ነበር። ብዙ ወላጆች የአንድን ታላቅ ኮሌጅ ዋጋ ሰምተው «ይህስ ለእኛ አይደለም» ብለው ልጃቸውን ከማመልከት ይከለክላሉ። ነገር ግን የተጻፈው ዋጋና ቤተሰቡ በእውነት የሚከፍለው ገንዘብ አንድ አይደሉም። ሃርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች ከሆነ፥ የተለመደውን ያህል ሀብት ካላቸው ቤተሰቦች የሚመጡ ተማሪዎችን ምግብና መኝታ ጨምሮ በነጻ ያስተምራል። ኮሌጆችም ከ2011 ወዲህ አንድ ቤተሰብ የሚደርስበትን ክፍያ የሚገምት ማስሊያ በድረ ገጻቸው እንዲያኖሩ በሕግ ታዘዋል። ወላጅ ይህን ማስሊያ ልጁ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ሳለ ቢሞክረው፥ በኋላ በድንጋጤ ከመወሰን ይድናል። ፋፍሳን ለመሙላት ክፍያ እንደሌለም ይታወቅ፤ «እኔ ሞልቼ ርዳታ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ከሚጠይቅ ሰው ተጠንቀቁ።

ዘግይተው ከኢትዮጵያ የሚመጡትንም ልጆች መዘንጋት የለብንም። የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ወደዚህ አገር ሲመጣ በእጁ ሊይዘው ከሚገባው ነገር አንዱ፥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተረጋገጠበት ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት ካልተገኘ፥ ልጁ የተማረውን እንዳልተማረ ተቆጥሮ እንደ ገና ከታች እንዲጀምር ሊደረግ ይችላል። ዘመድ ከመነሣቱ በፊት ልብስና በርበሬ ከመሸከፉ አስቀድሞ፥ ይህን ወረቀት ሁለት ቅጂ አድርጎ እንዲያወጣ ከወዲሁ እንምከር። ከመጣም በኋላ በየትኛው ክፍልና በየትኛው የሒሳብ ደረጃ እንደ መደቡት ወዲያው እንጠይቅ። የእንግሊዝኛ ድካም የሒሳብ ድካም አይደለምና።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ልጆቻችንን ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ በፍርሃት እንድታስጨንቁ ማለታችን አይደለም። አስቀድሞ መዘጋጀት ማለት አስቀድሞ መጨነቅ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጭንቀትን የሚያመጣው መዘግየት ነው። የ9ኛ ክፍል ልጅ ስለ ኮሌጅ ስም ሌት ተቀን ሊሰብኩት አይገባም። የሚገባው በጊዜው እንዲተኛ፥ የቤት ሥራውን እንዲፈጽም፥ ያልገባውን እንዲጠይቅ፥ አንድ የሚወደውን ነገር ይዞ እንዲጸና ማገዝ ነው። ከዚያ የቀረው ቀስ በቀስ ይደርሳል። ደግሞም የጎረቤትን ልጅ እየጠቀሱ «እርሱ እንዲህ ደረሰ» ማለት የልጅን ልብ ከመስበር በቀር የሚጠቅመው የለም። ሐኪም ይሁንልን ብለን የተመኘንለት ልጅ መምህር ወይም የእንጨት ሥራ ዐዋቂ ሆኖ ሊከብር ይችላል።

እናንተም ይህን አምድ ከወላጆቻችሁ ጋር የምታነቡ ወጣቶች፥ አንድ ነገር እንንገራችሁ። አባትና እናታችሁ ስለ ትምህርታችሁ ሲጠይቋችሁ «ደኅና ነው» ብላችሁ አትለፏቸው። የዚህን አገር ሥርዓት ከእነርሱ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ኮምፒዩተሩን ከፍታችሁ ውጤታችሁን አሳዩዋቸው፤ ቃሉን አስረዷቸው። ዝቅ ያለ ውጤት በ9ኛ ክፍል በኦክቶበር ቢነገር መድኃኒት አለው፤ በ12ኛ ክፍል በኖቬምበር ቢገለጥ ግን ልቅሶ ብቻ ይሆናል።

መቼም አንባቢ የዚያችን ልጅ ፍጻሜ ማወቅ ሳይፈልግ አይቀርም። የተመኘችው ዩኒቨርሲቲ አልተቀበላትም። እርሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በሰፈራቸው ባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዝግባ፥ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሸጋገር ትማራለች። ይህ መንገድ ክፍያው የቀለለ፥ ብዙዎች የእኛ ልጆች ተጉዘው የደረሱበት፥ የሚያስከብር መንገድ ነው፤ ማንም ሊንቀው አይገባም። ሆኖም ወደዚያ የገባችው መርጣው ሳይሆን ሌላው ስለ ተዘጋባት ነው፤ እናቷን ያሳዘነውም ይኸው ነው።

ዳሩ ግን እኒያ እናት አንድ ታናሽ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባ። በቅርቡ ቤታቸው ሄደን ሳለ በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት አየን። ልጁ የሚማራቸው ትምህርቶች በአማርኛ ተጽፈውበታል፤ ከጎናቸውም የየወሩ ውጤት ይሞላበታል። ወረቀቱን ያዘጋጀችው ታላቅ እኅቱ ነበረች። እናቲቱም የመምህራን ስብሰባ ቀን ሲደርስ አስተርጓሚ እንዲመጣላቸው አስቀድመው ለትምህርት ቤቱ እንዳስታወቁ ነገሩን። «አሁን እኔም የሚሉትን እሰማለሁ» አሉን።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ይህ ወር ሳያልቅ ሁላችሁም አንድ ነገር ብቻ እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ከልጃችሁ ጋር አንድ ምሽት ተቀመጡ፤ የውጤት መዝገቡን አስወጡት፤ ዘንድሮ የሚማረው ሒሳብ ከመሰላሉ ስንተኛው ደረጃ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ የአማካሪውንም ስም ጻፉ። ይህን ለማድረግ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ምሽት ብቻ ነው። እግዚአብሔር የልጆቻችንን ፍሬ ለማየት ያብቃን።